ልጆችሽ መጥተዋል

«ብዪ እንጂ» አለች እትዬ ሪኬታ፣ የላጠችውን እንቁላል ወደ ሉና እያስጠጋች። «የሐዘን እንቁላል አይመለስም። እንቁላል አፍ የለውም፤ ሐዘንተኛም አፍ የለውም። አፍ ከሌለሽ ደግሞ አትከራከሪኝ።»

ሉና እንቁላሉን ተቀብላ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። በሽንኩርት ልጣጭ ሲቀቀል ውሎ ቡናማ ሆኗል። ከወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። መስታወቱ እንደ አይሁድ የሐዘን ልማድ ለሰባት ቀን በአንሶላ ተሸፍኗል። ጎረቤት ያመጣው የወይራ ፍሬና ራኪ የሚባለው አረቄ ዝቅ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ ለቀስተኛው ገባ እያለ አንዳንድ ፍሬ ያነሳና «ነፍስ ይማር» ብሎ ይወጣል። አሥር ወንድ ካልሞላ ጸሎቱ አይደርስምና፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰው ከወደብ ተለምኖ ይመጣ ነበር። ድሮ በዚህ ሰፈር አሥር አይሁድ ለማግኘት መስኮት ከፍቶ መጣራት ይበቃ ነበር። ዛሬ በተሰሎንቄ ከተማ ሙሉ አሥር መሙላት መከራ ነው።

ወንድሟን ሞርዶን ልቡ ናት የገደለችው። ሉና ባሏና ቤቷ ካሉበት ከቮሎስ በባቡር ስትመጣ አላለቀሰችም፤ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማም አላለቀሰችም። ለቀስተኛው እርስ በርሱ «ደንግጣ ነው፣ ደርቃ ነው» ይላል። አልደረቀችም። ተቆጥታ ነበር። ወንድሟን አፈር ያለበሰችው ሳትታረቀው ነው።

እትዬ ሪኬታ ሰዉ ሳሳ ሲል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ያ ሰውዬ ጠዋት ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ስንት ያ ሰውዬ አለን? ሟቹ የተወው ወረቀት የት ገባ ብሎ የቡና ቤቱን ባለቤት ጠይቆታል። እግዜር ያጥናችሁ ከማለቱ በፊት ነው የጠየቀው።»

ሉና ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ከጠባቡ መንገድ ማዶ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለ። ምድር ቤቱ የስተርጊዮስ ሱቅ ነው፤ ስተርጊዮስ በጥጥ የተሞላ ብርድ ልብስ ሰፊ ነው። መስኮቱ በመጋረጃ፣ በመጋረጃው ላይ ደግሞ በተሰቀለ ብርድ ልብስ ተጋርዷል። በቀትር ፀሐይ ውስጡ መብራት ይበራል። ሉና ያን ቤት ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። የተወለደችው እላይኛው ፎቅ ላይ ነው።

ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው። ምድር ቤቱን ለስተርጊዮስ ያከራዩት እሱ ገና ጢሙ ሳያድግ ነው። አባት ሲሞቱ ስተርጊዮስ ሬሳ ተሸክሟል። በበዓል በበዓል እናታቸው ካዴን የጋገረችውን የአይብ ቂጣ ለሱ ሳትልክ ቀርታ አታውቅም። ጀርመኖች ገብተው አይሁድ ሁሉ ቢጫ ኮከብ ደረቱ ላይ ሰፍቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወደ ታጠረው ሰፈር ይግባ ሲሉ፣ ሞርዶና ሉና ወደ ተራራ፣ ወደ አርበኞቹ ሊሸሹ ተማከሩ። እናታቸው አስም ነበረባት፤ አንድ ደረጃ ወጥታ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ተራራ አይታሰብም። ያኔ «ለኔ ተዉልኝ» ያለው ስተርጊዮስ ራሱ ነው። «ከጥጡ ቁልል ጀርባ ማን ያያታል? እናታችሁ እናቴ ናት» አለ። ሉና እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከላት።

ጀርመኖች ከተማውን ለቀው ሲወጡ ወንድምና እህት በቅማልና በቁስል ተሸፍነው ከተራራ ወረዱ። ስተርጊዮስ ደጃፉ ላይ አቅፎ አለቀሰላቸው። ጠቋሚ ጠቁሞ ጀርመኖች እንደገቡ፣ ጫማቸው ላይ ወድቆ እንደለመነ፣ ከእጁ መንጭቀው እንደወሰዷት ነገራቸው። እላይኛው ቤት እሱና ሚስቱ ገብተውበታል፤ እንዳይዘረፍ ብለን ነው አለ። ቁልፉን ግን ከኪሱ አላወጣም። በፍርድ ቤትም ቢሉት የአባታቸው ሰነድ አልተገኘም ተባለና ቀረ። በምትኩ አንድ ቀይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጣቸው። ያን ክረምት ወንድምና እህት ማዶ በተከራዩት ክፍል፣ በስተርጊዮስ ብርድ ልብስ ሥር፣ ስተርጊዮስን እየመረቁ ተኙ።

በበጋው ሪኬታ መጣች። በባቡር የተወሰዱት አልተመለሱም፤ ከመንገዱ ሙሉ ሰው ሪኬታ ብቻ፣ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ክንዷ ላይ ቁጥር ተነቅሶ ተመለሰች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። የሄደችበትን ደጅ ሁሉ አንኳኩታ ማንም ሲያጣ፣ የእነ ሞርዶ በር ተከፈተላት። አንድ ሳምንት ሙሉ አልተናገረችም። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ዳሰስ አድርጋ ማን እንደሰፋው ጠየቀች። ሲነግሯት እጇን ሰበሰበች። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው።

ካዴን በአንድ ፉርጎ ከሷ ጋር ነበረች። ጀርመን ሱቁ ውስጥ አልገባም። ስተርጊዮስ ራሱ ከጥጡ ጀርባ ገብቶ «ልጆችሽ መጥተዋል፤ ጥግ ላይ ቆመው ይጠብቁሻል፤ ቶሎ ነይ» አላት። ካዴን ልጆቿ በጥጥ አቧራ ተበክላ እንዳያዩዋት ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን ለወጠች፣ የበዓል ጫማዋን አደረገች። እሱ ክንዷን ይዞ ደገፋት። ጥግ ላይ ሁለት ወታደር ቆሞ ነበር። በባቡሩም ውስጥ ትንፋሿ እየተቆራረጠ የምታወራው ስለሱ ነው። ሰዉ ሁሉ ሸጦሻል ቢላት አላመነችም። «ዘግይተው ይሆናል እንጂ ሰውዬው አይዋሽም» ትል ነበር። ባቡሩ ሲቆም ሪኬታን ወደ አንድ ወገን፣ ካዴንን ወደ ሌላው ለዩዋቸው።

ሉና ሪኬታ ተናግራ ስትጨርስ መቀስ አነሳች። ብርድ ልብሱን ሸረከተችው። ጥጡ ቤቱን ሞላው፤ እስከ ክረምት ድረስ ከአልጋው ሥር ጥጥ ይጠረግ ነበር። «ደሟ ሳይመለስ አላለቅስላትም» አለች። «ወለል ላይ አልቀመጥላትም። ልብስ አልቀድላትም። ደሟ ይመለስ።» ሞርዶ ከአርበኞቹ የተረፈውን ሽጉጥ ዘይት ቀባው።

በማግስቱ አብረው ተሻገሩ። ሱቁ ውስጥ ስተርጊዮስ እግሩን አጣጥፎ ይሰፋል። የስድስት ዓመት ግድም ልጁ ፎቲኒ ከጎኑ ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር ትሰካለታለች፤ ዓይኑ ያኔም ደካማ ነበር። ሞርዶ እጁን ኮቱ ውስጥ እንደከተተ ቆመ።

«ልጆችሽ መጥተዋል ነው ያልካት?» አለው።

ስተርጊዮስ አልካደም፤ አላመነም። የሚሰፋበት እጁ ብቻ ባለበት ቀረ። ልጅቷ ክሩን በምላሷ እያረጠበች ቀና ብላ ሞርዶን አየችው። ሉና ከበሩ ላይ ሆና የወንድሟን ጀርባ ትጠብቃለች፤ አሁን አለች፣ አሁን አለች። ሞርዶ ባዶ እጁን አውጥቶ፣ ዞሮ በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

መንገዱ መሐል ደረሰችበት። «አንተ ወንድ አይደለህም» አለችው፣ ሰው እየሰማ።

«ብገድለው የሚሞተው አንድ ቀን ነው» አላት ሞርዶ።

ይህ መልስ ለሉና የፈሪ መልስ ነበር። ያን ዓመት አግብታ ቮሎስ ገባች። ወንድሟ ለበዓል ካርድ ይልካል፤ እሷ ቃል ሳትጨምር ስሟን ብቻ ጽፋ ትመልሳለች። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

የቡና ቤቱ ባለቤት ያን ዕለት ከሰዓት ቡና በትሪ ይዞ ራሱ ወጣ። ትልቅ ቦርጫም ሰው ነው፤ ወለል ላይ ለመቀመጥ ሲታገል እትዬ ሪኬታ ክንዱን ያዘችለት። ሐዘንተኛ ቀድሞ ካልተናገረ እንግዳ አይናገርምና ሉናን ጠበቃት። ሉና ወንድሜ እውነት አንተ ዘንድ ይውል ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

እሱ ነው እንግዲህ የነገራት። ሞርዶ ጠዋት ወደብ ላይ ጭነት ሲመዝን ይውልና፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ካለው ጠረጴዛ፣ ፊቱን ወደ ስተርጊዮስ ሱቅ አዙሮ ይቀመጣል። ደብተር ያወጣል፤ ያያል፤ ይጽፋል። አያስፈራራም፣ አይሰድብም። መጀመሪያ ስተርጊዮስ ሰላም ይለው ነበር። ቀጥሎ ቡና ላከለት፤ ሞርዶ ሳይነካው ዝንብ አረፈበት። በየቀኑ ይላካል፣ በየቀኑ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቄስ ተላከ። ቄሱ ምን እንደሚጽፍ ቢጠይቁት «የማየውን» አላቸው። ቀጥሎ ስተርጊዮስ ለፖሊስ አመለከተ፤ ፖሊሱ በሳቅ ሊሞት ነበር። መጻፍ ወንጀል ነው እንዴ፣ ስምህን ጻፈ እንጂ ቤትህን አቃጠለ አላልክ አለው።

«ከዚያ ወዲያ ነው ኮሚኒስት ነው ብሎ የጠቆመው» አለ የቡና ቤቱ ባለቤት። «ያኔ ተራራ የወጣ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ወሰዱት፤ ውሃ በሌለበት ደሴት ግዞት። ስተርጊዮስ ሰቅሎት የነበረውን መጋረጃ አወረደ፣ ሱቁን ኖራ ቀባ። የሰፈሩ ሰውም ሞርዶ አበቃለት ብሎ ነበር።» ራኪውን ጨለጠ። «አንድ ማክሰኞ መጣ። የፊት ጥርሱ የለም። ወንበሩን ሳበ፣ ተቀመጠ። ደብተሩን አውጥቶ ማዶ አየ። ስተርጊዮስ በዚያው ቀን መጋረጃውን መልሶ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰውዬ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በመብራት ይሰፋል፣ ስፌቱ ይጣመማል። ደንበኛው አለቀ። ሚስቱ እንኳ ብሞት ይሻለኛል ስትል ኖራ ሞተች።»

ሉና ሲወጣ አመሰገነችው፤ ከመጣች ወዲህ ያመሰገነችው የመጀመሪያ ሰው እሱ ነው።

በማግስቱ አንዲት ወጣት በጋዜጣ የተጠቀለለ እሽግ ታቅፋ ገባች። ራሷን ሸፍናለች፤ ለቀስተኛውን ሁሉ በአንገቷ እጅ ነስታ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የከተማው አይሁድ ሁሉ እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ሉና የማን ልጅ ናት ስትል ሪኬታን በዓይኗ ጠየቀቻት።

«ፎቲኒ ናት» አለች ሪኬታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የማን ፎቲኒ?»

ልጅቷ ራሷ መለሰች። «የስተርጊዮስ።»

ሉና በሩን በጣቷ አሳየቻት። «ውጪ።»

«ሞርዶ ነይ ግቢ ብሎኛል። እሱ ካላለኝ አልወጣም።»

«ሞርዶ ሞቷል።»

«አውቃለሁ እኮ» አለች ፎቲኒ። «ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ሉና ሪኬታን አየቻት፤ ሪኬታ እውነት ነው ስትል ራሷን ነቀነቀች። ፎቲኒ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ዳቦ ታመጣለት ነበር፤ በዚያን ጠዋት አንኳኩታ መልስ ስታጣ በሩን ያስከፈተችው እሷ ናት።

ፎቲኒ ነገሯን ያለ ጌጥ ተናገረች። ልጅ ሆና ማዶ የሚጽፈውን ሰው አባቷን ስትጠይቀው እብድ ነው ይላታል። ስታድግ ግን እብድ በእብደቱ እንዲህ አይጸናም አለች። አንድ ቀን መንገዱን ተሻግራ ምን እንደሚጽፍ ጠየቀችው። ሞርዶ ስለ አባትሽ ነው አላት። መጀመሪያ እሱን ጠይቂው፤ እውነቱን ከነገረሽ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግሽም። ጠየቀች። አባቷ ጀርመኖች ገብተው ከእጄ መነጨቋት አላት፤ ሲናገር ግን የሚያየው የመርፌውን ቀዳዳ ነበር። በማግስቱ ተመልሳ ተሻገረች። ሞርዶ ደብተሩን የጻፈው አያቶቹ ከእስፓኝ ይዘውት በመጡት የቤታቸው ቋንቋ ነው፤ እሷ አታውቀውም፤ እሱ በቃሉ ወደ ግሪክኛ እየመለሰ አነበበላት። የዚያን ሳምንት ከአባቷ ቤት ወጣች። አንድ ጠበቃ ቢሮ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠረች፤ ማታ ማታ ሞርዶ እየነገራት፣ እሷ እየመታች፣ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር በግሪክኛ ጻፉት።

እሽጉን ፈታች። «ማተሚያ ቤቱ ተቀብሎታል። የሚጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው፤ ወራሹ እርስዎ ስለሆኑ።» ከዚያም ጨመረች። «አንድ ነገር ግን ይወቁ። በግሪክኛው ውስጥ የአባቴ ስም የለም። ብርድ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው የሚለው። ቦታው ባዶ ነው።»

«ለምን?»

«ለኔ ብሎ ነው። ነገ ባል ስታገቢ፣ ልጅ ስትወልጂ፣ ስሙ ይከተልሻል አለኝ።»

ሉና ደረቅ ሳቅ ሳቀች። «በአንቺ ሰበብ ሁለቴ ማረው በይኛ።»

ፎቲኒ እሽጉን ፍራሹ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ነገ እመለሳለሁ አለች።

ሉና የታይፑን ትታ በወንድሟ እጅ የተጻፈውን አነሳች። የፊተኞቹ ገጾች ተራራ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ ብዙው ደብዝዟል። «ዛሬ ድንች። ሉና የእግሯን ቁስል ትደብቅብናለች» ይላል አንዱ። «በረዶ ይጥላል። እማዬ ከጥጡ ጀርባ ይሞቃታል። ይህን ሳስብ ብርዱ ይቀለኛል» ይላል ሌላው። ከዚያ ቀለም ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ስለ ስተርጊዮስ ነው፤ አጭር አጭር። «መጋረጃ ሰቀለ።» «ጣቱን ወጋ፤ ደሙን ጠባ።» «ልጁ ሄደችበት። ደጃፉ ላይ እስኪመሽ ቆሞ ጠበቃት። እናቴ የጠበቀችንን ያህል ገና አልጠበቀም።» «ዛሬ አልወጣም። ነገ ይወጣል። እኔ ጊዜ አለኝ።»

ሉና ቀና ስትል እትዬ ሪኬታ ታያታለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሉና ፊት የተፈታው። ወንድሟ ፈሪ አልነበረም። ከሷ የባሰ ጨካኝ ነበር። እሷ አንድ ጥይት ተመኘች፤ እሱ ሰውየውን ቀስ እያለ፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ አሥራ አምስት ዓመት ገደለው። ይህን እያነበበች እሷ ቮሎስ ተቀምጣ ካርድ ላይ ስሟን ብቻ መጻፏ ትዝ አላት፤ ደብተሩን ግንባሯ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች።

ስተርጊዮስ የመጣው ሐዘኑ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ፎቲኒ ቀደም ብላ መጥታ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ከደረጃው የከባድ ሰው እግር ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ገባ። ቆዳው ለብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ እንደኖረ ሰው ነጥቷል። ልጁን አየ፤ ልጁ አላየችውም። አንድ ሁለት ለቀስተኛ ተነስቶ ወጣ። ስተርጊዮስ የአይሁድን ልማድ ድሮ የተማረው እዚያው ማዶ ቤት ነው፤ ሐዘንተኛ ሳይናገር እንግዳ አይናገርም። ስለዚህ ቆሞ ጠበቀ።

ሉና አልተናገረችም። ዓይኗን ፊቱ ላይ ተከለች። መቆም ሲያቅተው ወንበር ፈልጎ ግራና ቀኝ አየ፤ ማንም አልሰጠውም። በመጨረሻ ግድግዳውን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ሉና፣ ግሪክ ሽማግሌ ሲያከብር እንደሚለው «ኪር» ብላ የተናገረችው።

«ምን ፈልገው መጡ፣ ኪር ስተርጊዮስ?»

«ላጽናናሽ ነው፣ ልጄ። ሞርዶን...» አለና ዋጠው። «አሁን እሱም አረፈ። ወረቀቱ ይረፍ። እኔ የቀረኝ ዕድሜ ስንት ነው? ቤቱን ውሰጂው። ዛሬውኑ እለቅልሻለሁ። ወረቀቱን ግን አቃጥዪልኝ።»

ሉና ወደ ፎቲኒ ዞረች። «አንብቢለት። የእናቴን ገጽ።»

ፎቲኒ አነበበች። ድምፅዋ ቢሮ ውስጥ ማመልከቻ እንደምታነብ ያለ ነበር፤ ከፍ ዝቅ አይልም። ፊቷን እንደታጠበች፣ ሻሿን እንደለወጠች፣ የበዓል ጫማዋን እንዳደረገች። እትዬ ሪኬታ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ምስክር ናትና። «ዘግይተው ይሆናል እንጂ ሰውዬው አይዋሽም» የሚለው ላይ ሲደረስ ስተርጊዮስ እጁን አነሳ።

«በቃ» አለ። «ጎረቤት ቤት ገብተው ነበር። አይሁድ የደበቀ ከነቤተሰቡ ይረሸናል ብለው ለጥፈዋል። እሷ ትስላለች፤ ሌት ተቀን ትስላለች። ይቺ ልጅ ገና ትንሽ ነበረች። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ጥያቄው ሉና ያላሰበችው አልነበረም፤ ተራራ ላይ ስንት ሰው ምን ሲያደርግ አይታለች።

«እንጃ» አለች። «እኔም በሩን ከፍቼ አስወጣት ይሆናል። ፈርቼ። ልጆችሽ መጥተዋል ግን አልላትም ነበር።»

«እንዳትፈራ ብዬ ነው እኮ!»

«እንዳትጮህ ብለህ ነው።» ከአንቱታ ወደ አንተ ስትወርድ ራሷም አላወቀችም። «ጎረቤት እንዳይሰማ። ስቃ እንድትወጣልህ። ማስወጣትህን አይደለም የምጠይቅህ፣ ስተርጊዮስ። ደስ ብሏት እንድትወጣ ማድረግህን ነው። ቤቱን ለቀቅኩ ትላለህ፤ ያን ደስታ ከየት አምጥተህ ትመልሳለህ? ደግሞ ብርድ ልብስ ሰጠኸን። ክረምቱን ሙሉ ስንመርቅህ ሰማህ፤ ዝም አልክ።»

ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞረ። «ፎቲኒ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሉና የታይፑን ወረቀት ከልጅቷ ተቀብላ፣ ባዶው ቦታ ላይ ጣቷን አኖረች። ልትጽፍ እስክሪብቶ ስትፈልግ ፎቲኒ ከቦርሳዋ አወጣች። አልሰጠቻትም። ወረቀቱን መልሳ ሳበችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የአባቷን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ራሷ የምትጠራበትን የቤተሰብ ስም ጭምር፣ አጥርታ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ በረጅሙ ተነፈሰች። ሉና ያን ስታይ አዘነችላት፤ ወረቀቱን ግን ተቀብላ አልመለሰችላትም።

«ዕድሜ ይስጥዎ፣ ኪር ስተርጊዮስ» አለች ሉና፣ ወደ አንቱታዋ ተመልሳ። «ረጅም ዕድሜ። ዓይንዎንም እግዜር ይጠብቅልዎ፤ መጽሐፉ ሲወጣ ራስዎ እንዲያነቡት። ገበያ ሲወጡ ሰው በስምዎ እንዲጠራዎ።»

«አሜን» አለች እትዬ ሪኬታ።

ስተርጊዮስ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከረ። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋለትም፤ ልጁም። ግድግዳውን እየቧጠጠ ተነሳና ባርኔጣውን ሳያደርግ ወረደ። ሱቁ ያን ቀን አልተከፈተም።

ሉና ይህን ሰዓት በሕልሟ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ደሙ ሲመለስ ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ የሚነሳ ይመስላት ነበር። አልተነሳም። ቦታውን ቀየረ እንጂ። ቀኑን ሙሉ ማንም ያመጣላትን ሳትቀምስ፣ የሚናገራትን ሳትሰማ ዋለች።

የመጨረሻው ጠዋት ጸሎቱ ደረሰ። ከወደብ የተለመኑት ሁለቱ ራኪያቸውን ጠጥተው ወጡ። ጸሎት መሪው፣ ጢማቸው የሸበተ አዛውንት፣ በልማዱ መሠረት እጃቸውን ዘርግተው ሉናን ከፍራሹ አስነሷት። «ፀሐይሽ አይጥለቅ፤ ተነሺ» አሏት። እትዬ ሪኬታ መስታወቱን ገለጠች፤ ከዚያ መርፌና ጥቁር ክር ይዛ መጣች። ለወንድም ልብስ የሚቀደደው በቀኝ በኩል ነው፤ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ በሰፊ ስፌት ይያዛል። ሪኬታ የሉናን አንገትጌ በቀኝ ያዘች።

ሉና እጇን ያዘችባት። «ቆይ» አለች።

በግራ በኩል ያለውን አንገትጌ ጨበጠችና ወደ ታች ጎተተችው። ጨርቁ ጠንካራ ነበር፤ አልሆነም። ጎንበስ ብላ በጥርሷ አስጀመረችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ፣ ልቧ እስካለበት ድረስ ቀደደችው። በግራ የሚቀደደው ለአባትና ለእናት ነው። እሱ ተመልሶ አይሰፋም።

ሉና ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

ጸሎት መሪው ሞቱ ለቆየ ሰው ሕጉ አንድ ሰዓት መቀመጥ ብቻ እንደሆነ በቀስታ ተናገሩ። ሉና ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ አልሰማቻቸውም። እትዬ ሪኬታ መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰካች፤ መስታወቱን በአንሶላው መልሳ ሸፈነችና አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።